ቱርቦዋን ራሴ እቀይራለሁ ያልኩ ሰሞን

እናንተ ብልሆች ናችሁና ማኪናችሁ ስትታመም መካኒክ ትጠራላችሁ። እኔ ግን የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የፊዚክስ አስተማሪ ክፉ አመል አለበት፤ የሚሽከረከር፣ የሚግል፣ የሚጮኽ ነገር ሁሉ እሱን የሚመለከተው ይመስለዋል። ቤቴ ውስጥ እኔ የጠገንኩት ካውያ አለ፤ ሲሰካ የጎረቤት መብራት ይጠፋል። የግድግዳ ሰዓትም አለ፤ እሱን ካስተካከልኩት ወዲህ ባለቤቴ ዘርፌ ሰዓት ማወቅ ስትፈልግ በር ላይ ወጥታ መንገደኛ ትጠይቃለች።

ማኪናዬ የናፍጣ ፎር ዊል ናት። አንድ የውጭ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ከጎንደር ሲወጣ በጨረታ የገዛኋት፣ ብዙ አገር ያየች አሮጊት። ማራኪ ሰፈር ውስጥ እሷን የማያውቅ የለም። ለቅሶ የሚሄድ በእሷ ነው፤ ምጥ የያዛት በእሷ ነው፤ ክፍል የሚቀይር ተማሪ ፍራሹን የሚጭን በእሷ ላይ ነው። ታዲያ ባለቤቱ እኔ ልሁን እንጂ ስለ ጤንነቷ የሚጨነቀው ሰፈሩ በሙሉ ነው።

ያን ሰሞን ደግሞ ከሁሉም የከበደ ሥራ ነበረባት። ታናሽ ወንድሜ አስማማው፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው፣ ትርንጎ የምትባል አስተማሪ ወደደና ለቤተሰቦቿ ሽማግሌ ላክን። ቤተሰቦቿ የሚኖሩት ከጎንደር ወጣ ብላ ትክል ድንጋይ በምትባል ከተማ ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው የንስሐ አባታችን ቄስ ሞላ። ሁለተኛው ጎረቤታችን ሐጂ እድሪስ፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጨርቅ ነጋዴ፣ ላልፈለግከው ጣቃ ከፍለህ አመስግነህ እንድትወጣ የሚያደርጉ አንደበተ ርቱዕ። ሦስተኛው ከገጠር የመጣው አጎታችን አያ ጥጋቡ ነው። እኔ አራተኛ ነኝ፤ ግን ሾፌር እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም። ሁለት ጊዜ ስንሄድ ከማኪናው አልወረድኩም። ካጠፋኋት ላትነሣ ትችላለች ብዬ ሞተሩን እንኳ አላጠፋሁም፤ ደጅ ላይ ሆኜ ሳንደቀድቅ እቆያለሁ።

የልጅቱ አባት አያ ደሴ ቀላል ሰው አይደሉም። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ "ዘመድ ላማክር" ብለው መለሱን። እሺ፣ ወግ ነው። ሁለተኛ ስንሄድ "እናቷን ላማክር" አሉ። እናቷ ከጓዳ ሆና "እኔን ደግሞ ማን አማክሮኝ ያውቃል" ስትል ሰማናት ብለው ሽማግሌዎቹ ማኪና ውስጥ ሲስቁ መጡ። የመጨረሻው ቀጠሮ ግን የሚያስቅ አልነበረም። "እሑድ ቀትር ሳይሆን ኑ። ከቀትር በኋላ ከሁመራ ሌላ ሽማግሌ ይመጣብኛል" አሉ አያ ደሴ። የሁመራው ሰውዬ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ማኪናውም አዲስ ነው ይባላል። አስማማው ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል ጉሮሮው አልወርድ አለ።

ታዲያ ከሁለተኛው ጉዞ ስንመለስ ማኪናዋ ታመመች። ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፤ ዳገት ስታይ ታቃስታለች፤ ከኮፈኑ ሥር የፉጨት ድምፅ ይሰማል። አንድ የታወቀ መካኒክ አየና "ቱርቦው አልቋል" አለ። ቱርቦ ማለት ለማያውቀው፣ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚያጎርሰው ቀንድ አውጣ መሳይ ብረት ነው። እሱ ሲሞት ማኪናው አይቆምም፤ ግን ዳገት ላይ እንጨት የጫነ አህያ ይቀድመዋል። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ መለዋወጫውን ፈልጎ በአውቶቡስ ላከልኝ። ሐሙስ ደረሰ። መካኒኩም "ዓርብ ጠዋት አምጣት፣ ዓርብ ማታ ውሰዳት" አለ።

እዚህ ላይ ወጉ ማለቅ ነበረበት። ቱርቦው አለ፣ መካኒኩ አለ፣ ጊዜው አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነና ግን፣ ረቡዕ ዕለት ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይ አንድ ፈረንጅ ቱርቦ ሲቀይር አየሁ። ሰውዬው ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ዘፈን ተከፍቶለታል። ብረቱን ነካ ያደርገዋል፣ ይፈታል፤ ነካ ያደርገዋል፣ ይገጥማል። ዘፈኑ ሳያልቅ ጨረሰ፤ ሸሚዙም ነጭ እንደሆነ ነው። ይህን ያየ ፊዚክስ አስተማሪ እንዴት መካኒክ ይጠራል?

"መካኒክ ጥራ" አለች ዘርፌ።

"ይህ እኮ የግፊትና የሙቀት ጉዳይ ነው። የማስተምረው ነገር ነው።"

"ሰዓቱንም የምታስተምረው ነገር ነበር።"

አስማማው ሰምቶ መጣ። "ጋሼ፣ እባክህ፣ ለዚች እሑድ ብቻ መካኒክ እንጥራ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ ፍታት" አለኝ።

"አታምነኝም ማለት ነው?"

ትንሽ ቆየ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቅ ሰው መቆየት የለበትም። "አምንሃለሁ፣ ጋሼ" አለ በመጨረሻ። ዘርፌ ግን "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ብላ ወደ ቤት ገባች። እኔም ኮፈኑን ከፈትኩ።

የሰፈራችንን ልማድ ላጫውታችሁ። ማራኪ ውስጥ ኮፈን ከፍቶ ማኪና ሥር የተኛ ሰው ከታየ፣ ቤቱ በሽተኛ እንዳለበት ይቆጠራል። ሊጠይቅ የማይመጣ የለም። ሐሙስ ከሰዓት አንዱን ቡሎን ሳልፈታ፣ ከጎን ቤት ያሉት እትዬ ዳቦ በሰፌድ ይዘው መጡ። "ምኗን ነው ያመማት?" አሉ። ቱርቦዋን አልኳቸው። "እግዜር ይማራት" አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ዘርፌ አግዳሚ ወንበር አወጣች፣ ሻይ አፈላች። እኔ ከማኪናው ሥር ሆኜ የማየው ጫማ ብቻ ነው፤ የማየው ጫማ እየበዛ ሄደ። ሁሉም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚያወራው፤ አንዳንዱም የእሱ ዘመድ ማኪና በዚሁ በሽታ እንዴት እንደሞተች ይተርካል።

ሐጂ እድሪስ ከአስር ሶላት መልስ መጡ። መሬት ላይ የተደረደረውን ብረት አንድ በአንድ በዓይናቸው ቆጠሩት።

"ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ከየት ወጣ?"

"ከዚሁ ነው፣ ሐጂ።"

"የሚመለሰውስ?"

"ወደዚሁ።"

"ቦታ ቦታውን ታስታውሰዋለህ?"

"አዎ።"

"እንግዲያ አላህ ያግዝህ" አሉና መቁጠሪያቸውን ቶሎ ቶሎ ማንቀሳቀስ ጀመሩ።

አያ ጥጋቡ ደግሞ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ "ምነው፣ የዚች ማኪና ሆድ ዕቃዋ ሁሉ ወጣሳ? እኛ አገር በሬ እዚህ ከደረሰ ቅርጫ ነው የሚሆን" አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ውስጤ ትንሽ ደንገጥ ብሏል።

የፈረንጁ ዳዶ ሲነኩት ይፈታል አላልኳችሁም? የእኔዎቹ ግን ከብረቱ ጋር ተጋብተው የከረሙ ናቸው። አራቱ እንደምንም ወጡ፤ አንደኛው እምቢ አለ። በጋዝ አራስኩት። በመዶሻ ደበደብኩት። ለመንኩት። ጠያቂው ሁሉ ምክር ያዋጣል፤ አንዱ በእሳት አግለው ይላል፣ ሌላው በውሃ አቀዝቅዘው ይላል፣ እትዬ ቅቤ ቀባው ይላሉ። ቄስ ሞላ ሊጠይቁ መጥተው ስለነበር "ትዕግሥት ነው ልጄ፣ ትዕግሥት" አሉ። መፍቻዬን፣ ቺያቤውን፣ አስነክሼ ባለ በሌለ ኃይሌ ስጎትተው ዳዶው በድንገት ተፈታ። እኔም ከነቺያቤዬ ወደ ኋላ ሄጄ እትዬ ባመጡት ዳቦ ላይ ቁጭ አልኩ። አንድም ሰው አልሳቀም፤ በሽተኛ ቤት ስለሆነ ነው መሰለኝ። እትዬ ብቻ "ግድ የለም፣ ነገ ሌላ እጋግራለሁ" አሉ።

ዓርብም እንዲሁ አለፈ። ቅዳሜ ከሰዓት አዲሱ ቱርቦ ገባ። ዘይት የሚያመጣው ቱቦ፣ ዘይት የሚመልሰው ቱቦ፣ ውሃ የሚያመላልሰው ጎማ፣ አየር የሚያስገባው ጎማ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ደረቴን ነፋ አድርጌ ኮፈኑን ልዘጋ ስል መሬት ላይ አንድ ነገር አየሁ። ጎማ ቱቦን አንቆ የሚይዝ የብረት ቀለበት ነው፤ መካኒኮች ፋሼታ ይሉታል። ከማኪናው ውጭ፣ ብቻውን፣ ጠጠር ላይ ተቀምጧል።

ጠያቂው ሁሉ አየው። ከዚያ እኔን አየ።

"ትርፍ ነው" አልኩ።

"ትርፍ ነገር በረከት ነው" አሉ ቄስ ሞላ፣ እኔን ለማጽናናት።

"ገበያም ላይ አለኮ" አሉ ሐጂ። "ሰው ክንድ ጨርቅ ሲገዛ እኛም ምርቃት ጨመር እናደርግለታለን። ፋብሪካውም ምርቃት ጨምሮ ልኮልህ ይሆናል።"

ይህ አነጋገር ሳይንሳዊ ባይሆንም ደስ አለኝ። ቁልፉን ሳዞር ማኪናዋ አስነጠሰች፣ ግቢውን በጭስ ሞላችው፣ ከዚያ አንድ ለስላሳ ፉጨት አሰምታ ቀጥ ብላ ተነሣች። እትዬ እልልታውን አቀለጡት። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞርኩባት፤ ያ የማራኪ ዳገት ከሥሬ የጠፋ ነው የመሰለኝ። ዘርፌን በመስኮት "ምን ትያለሽ?" አልኳት። "እሑድ ማታ እነግርሃለሁ" አለች።

እሑድ ቄስ ሞላ ቅዳሴ ጨርሰው እስኪመጡ አስማማው ግቢ ውስጥ ሲመላለስ መሬቱን ፈጀው። እሱ አብሮን አይሄድም፤ ሙሽራ የሚሆን ሰው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲወጡ ግቢው በራ። ቄስ ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ። ሐጂ እንደ ወተት የነጣ ጀለቢያ። አያ ጥጋቡ ዘርፌ ያጠበችለት ኩታ። አስማማው ሁሉንም ጉልበት ስሞ በሩን ዘጋልን፤ ለእኔ ምንም አላለኝም።

ከከተማው ስንወጣ ማኪናዋ ታምር ሆነች። ያ ባለፈው ሳምንት ያስለቀሳት ዳገት ላይ አንድ አይሱዙ አለፍን፤ ደግሞ ሌላ አለፍን። "ቀስ በል ልጄ፣ ልጅቱ ቤቷ ናት" አሉ ሐጂ ወንበሩን ጨብጠው። እኔ ግን ስለ አየር ግፊት ማስረዳት ጀምሬያለሁ። በአንድ እጄ መሪ ይዤ በሌላው ቱርቦ እየሠራሁ እያሳየኋቸው ነው። ቄስ ሞላ "ለካስ ነፋስም ሥራ አለው" እያሉ ያደንቃሉ።

ትክል ድንጋይ በሩቁ ሲታይ አያ ጥጋቡ አፍንጫውን አነሣ። "የሚፈላ ነገር ይሸታል። ሸጋ ሽታም አይደል" አለ። ወደ ሙቀት መለኪያው አየሁ። መርፌው ወጥቶ ወጥቶ መውጫ አጥቷል። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሥቶ መንገዱ ጠፋኝ። እንደምንም ዳር ይዤ አቆምኩ። ሁላችንም ወረድን፤ ሽማግሌዎቹም ሊያዩ ጠጋ አሉ። አትጠጉ ማለት ነበረብኝ፤ የተናገርኩት ግን ኮፈኑን ከከፈትኩ በኋላ ነው። የውሃው ጎማ ከቱርቦው ተነቅሎ እየተወራጨ ነበር፤ የተረፈውን ዝገታም ውሃ ሐጂ ጀለቢያ ላይ ረጨው። ደግነቱ ነፋሱ አቀዝቅዞት ነው የደረሳቸው። ሐጂ ወደ ልብሳቸው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ምን ለማለት እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።

ጎማው የሚታነቅበት ቦታ ባዶውን ነው። ፋሼታ የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል የአገሬ ሰው። የፋብሪካው ምርቃት ማራኪ፣ መስኮታችን ላይ ተቀምጧል።

የጫማዬን ክር ፈትቼ ጎማውን ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። አሁን የጎደለው ውሃ ነው። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ልትደርስ ጥቂት ቀርቷታል። "እናንተ በመንገዱ ቀስ እያላችሁ ሂዱ፤ እኔ ከቅርብ ቤት ውሃ ለምኜ እደርስባችኋለሁ" አልኩ። ጀሪካኔን ይዤ በባሕር ዛፉ መሀል በአቋራጭ ሮጥኩ። ክር የሌለው ጫማዬ እየወለቀ፣ ፊቴ ዘይት፣ እጄ ጥላሸት፣ አንድ ግቢ በጓሮ በኩል አገኘሁና ገባሁ።

አንዲት ደርባባ ሴት ከማድ ቤት ወጡ። "ምነው ልጄ፣ ምን አገኘህ?" አሉኝ። ማኪናዬ ውሃ ጠምቷት ነው አልኳቸው። ጀሪካኑን ሞሉልኝ፤ እጄን አስታጠቡኝ፤ በርጩማ አቀረቡልኝ። ልሂድ ብል "ከቤቴ ውሃ ብቻ ተቀብሎ የሄደ እንግዳ የለም፤ በሞቴ" አሉ። ቁርስ ሳልበላ ነው የወጣሁት። የዶሮው ሽታ ደግሞ እንኳን ቁርስ ያልበላን ምሳ የበላንም ያስቀምጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ልቅመስ ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ቀመስኩ፤ ሁለተኛውን እንጀራ እሳቸው ጨመሩልኝ፤ ከዚያም በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ።

"ብላ፣ አንተ እንኳ ብላልኝ" አሉ። "ዛሬ እንግዳ አለብን፤ ግን የማይበላ እንግዳ ነው። ሽማግሌ ናቸው። ልጃችሁን ካልሰጣችሁን አንቀመጥም፣ እህል ውሃ አንቀምስም ብለው ይቆማሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ በቀጠሮ ይመልሳቸዋል። ሁለት ጊዜ ወጥ ሠርቼ ጎረቤት በላው።"

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቆመ። ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። ይህን ግቢ ከፊት ለፊቱ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጓሮውን ግን አይቼው አላውቅም። ሴትዮዋ ወይዘሮ አንጓች፣ የትርንጎ እናት ናቸው። እኔም የወንድሜን ዕድል እያኘክሁ ነው።

ያን ጊዜ ከፊት በኩል የሐጂ ድምፅ ተሰማ። "ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።"

ምን ላድርግ? በጓሮ ልወጣ ተነሣሁ፤ ጫማዬ ወለቀ። ወይዘሮ አንጓች "ምነው፣ አልጣመህም?" እያሉ ክንዴን ይዘዋል። ከፊት ለፊት ቄስ ሞላ ንግግራቸውን ጀምረዋል። "ለሦስተኛ ጊዜ ደጅዎ ቆመናል። የልጃችንን ጉዳይ እስኪፈቅዱልን አንቀመጥም፤ የዚህን ቤት እህል ውሃም አንቀምስም" ይላሉ፣ በዚያ ቅዳሴ በሞረደው ድምፃቸው። ሽማግሌ ሌላ ጉልበት የለውም፤ ጉልበቱ ይኸው ነው። ባለቤቱ የቆመና የተራበ እንግዳ ስለሚያሳፍረው ነው እሺ የሚል።

ወይዘሮ አንጓች ይህን ሲሰሙና የእኔን ድንጋጤ ሲያዩ ወደ ፊት ብቅ አሉ፤ እኔንም በክንዴ፣ ትሪውንም በሌላ እጃቸው ይዘው። "ይህ የእናንተ ሰው ነው መሰል። እሱ እንኳ ደህና አድርጎ በልቶልኛል" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ጢሜ ላይ ወጥ አለ። አያ ደሴ፣ ረዘም ያሉ ዓይነ ጥቁር ሰውዬ፣ ከቄስ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ቄስ አዩ።

"ሾፌር ነው። ከሽማግሌ አይቆጠርም" አሉ ሐጂ ወዲያው። ነጋዴ ናቸው፤ የተቀደደውን ጨርቅ በየት በኩል እንደሚያጥፉት ያውቃሉ።

"ቅጥር ሾፌር ነው?" አሉ አያ ደሴ፣ ቄስ ሞላን እያዩ።

ቄስ ሞላ ገና ከቅዳሴ መውጣታቸው ነው። ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ መሬት አዩ። "የልጁ ታላቅ ወንድም ነው" አሉ።

አያ ጥጋቡ ቀስ ብሎ በጆሮዬ፣ "ዋጠው እንግዲህ፣ አፍህ ውስጥ ይዘኸው ምን ልትሆን" አለኝ። ዋጥኩት። ከቁርጥማት የባሰ ነገር አለ ቢሉኝ ያ ጉርሻ ነው እላለሁ። የሁመራ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ናቸው። አስማማው እቤት ሆኖ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ የሦስት ሽማግሌ ረሃብ በአንድ ትሪ ዶሮ ሸጬዋለሁ።

አያ ደሴ ወደ እኔ ቀረቡ። "ስማ" አሉ። "እነዚህ ሁለት ጊዜ መጥተው ልጁ ጨዋ ነው፣ ትሑት ነው አሉኝ። የሁመራዎቹም የእነሱን ልጅ እንዲሁ ነው የሚሉት። መጥፎ ልጅ ይዞ የመጣ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። አንተ ሽማግሌ አይደለህም። እህሌንም በልተሃል፤ የሰው እህል በልቶ ያንኑ ሰው መዋሸት ደግሞ ነውር ነው። ወንድምህ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ሐጂ በዓይናቸው አንድ ነገር ይነግሩኛል፤ ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም። ሽማግሌኛ ንግግር አላውቅም። ስለዚህ የማውቀውን ነገርኳቸው።

መካኒክ እንጥራ ብሎ እንደለመነኝ ነገርኳቸው። እምቢ ስለው አምንሃለሁ እንዳለኝ ነገርኳቸው። ከዚያ የቀጠለውን ግን ለእናንተም አልነገርኳችሁም። ሦስቱንም ቀን ከሥራው እየመጣ፣ እኔ የማየው ጫማ ሁሉ ሻይ ሲጠጣ፣ ከማኪናው ሥር አጠገቤ ተኝቶ ባትሪ ያበራልኝ የነበረው እሱ ነው። ብረቱን ስደበድብ በባትሪው ብርሃን ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየው ነበር። "ምን አልክ?" ስለው "ምንም አላልኩ፣ ጋሼ" ይለኛል። ያ ፋሼታ የተረፈ ጊዜ ሁሉም ሰው በረከት ነው፣ ምርቃት ነው ሲል እሱ አንሥቶ ጠርጎ መስኮት ላይ አስቀመጠው። ሰዉ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ሳለሁ መጥቶ፣ ማንም ሳይሰማ፣ "ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ደግመን ብናየው?" አለኝ። ጮኽኩበት። "ይቅርታ" ብሎኝ ሄደ።

"የእኔ ጥገና ይህን ጉዳይ ሊያበላሽበት እንደሚችል ያውቅ ነበር" አልኩ። "ሰው ፊት ሊያዋርደኝ አልፈለገም።" ይህ ለእኔ ለራሴም የገባኝ ያን ጊዜ ስናገረው ነው። አፈርኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በርበሬው ነው እንዳልል ወጡ ብዙም አያቃጥልም ነበር።

አያ ደሴ ዞር ብለው ከዳገቱ ጫፍ እንፋሎቷ የሚታየውን ማኪናዬን አዩ። የወለቀ ጫማዬን አዩ። የሐጂን ጀለቢያ አዩ።

"አንጓች፣ ሰማሽ?" አሉ።

"ሰማሁ" አሉ ወይዘሮ አንጓች። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ።

"ትርንጎ የእኔን ቁጣ ነው የወረሰች" አሉ አያ ደሴ ለሽማግሌዎቹ። "የመለስኳችሁ ልጁን ጠልቼ አይደለም። ልጄን የሚችላት መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው። ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ቤት አድጎ ክፉ ቃል ያልወጣው፣ እሷንም ይችላታል።" ከዚያ መደቡ ላይ የተነጠፈውን አጎዛ በእጃቸው ደልደል አደረጉ። "ተቀመጡ" አሉ።

ተቀመጡ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሐጂ የዛገ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ፤ ቄስ ተቀመጡ፤ አያ ጥጋቡ ትሪው አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ባሕር ዛፉ ሥር ሄጄ ለአስማማው ደወልኩ።

"ተቀመጡ" አልኩት።

ሲያለቅስ ሰማሁት። ወንድሜን ሲያለቅስ የሰማሁት አባታችን ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ነው። ቆይቶ ቆይቶ ድምፁ ሲመለስ፣ "ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ይህ አይሆንም ነበር" አለኝ።

እውነቱን ነው። እንዴት እንደሆነ ግን እስከዛሬ አልነገርኩትም።